ሳፔራቪ እና የእማዬ ጋን

ጥቁር የወይን ፍሬ በጣትዎ ጨምቀው ያውቃሉ? የሚወጣው ጭማቂ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። የቀይ ወይን ጠጅ ቀለም የሚገኘው ከልጣጩ ነው። ለዚህ ነው ለሥራ ወደ ካውካሰሷ ጆርጂያ ሄጄ፣ ካኬቲ በተባለው የወይን አገር አንድ አዛውንት ገበሬ አንዲት ፍሬ መዳፌ ላይ ሲያፈርጡልኝ የደነገጥኩት። እጄ ደም የነካው መሰለ።

«ሳፔራቪ» አሉኝ እየሳቁ። ቀለም የሚሰጥ፣ የሚያቀልም እንደ ማለት ነው። ይህ ፍሬ ልጣጩ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ቀይ ነው።

ጊዜው መስከረም ማብቂያ፣ የወይን ለቀማ ወቅት ነበር። ቤታቸው ስንደርስ የሚጠምቁበትን አሳዩኝ። እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ክቬቭሪ ይሉታል። ውስጡ በንብ ሰም የተቀባ ነው። ጭማቂውን ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ ያስገቡታል። ፈልቶ ሲያበቃ ከድነው ይመርጉትና ወራት ያቆዩታል፤ የሚያቀዘቅዘው መሬቱ ራሱ ነው።

በዚያ አገር ወይን መጥመቅ 8,000 ዓመት ገደማ እንዳስቆጠረ ከትብሊሲ በስተደቡብ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች መስክረዋል። የክቬቭሪውን አጠማመቅም ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

የሳፔራቪ ወይን ኮስተር ያለ ነው፤ ጎምዘዝ ይላል፣ አፍ ይይዛል። ዓመታት ቢቀመጥ የሚችለውም ለዚሁ ነው። ጣፋጭ የሚወዱ ኪንድዝማራውሊን ይመርጣሉ፤ ሙኩዛኒ ደግሞ ደረቅ ሆኖ በኦክ በርሜል የሚቆይ ነው። ሁለቱም የዚሁ ፍሬ ልጆች ናቸው።

«ልጅ እያለሁ አባቴ ክቬቭሪው ውስጥ አስገብተው ያሳጥቡኝ ነበር» አሉ አዛውንቱ፣ ከቼሪ ዛፍ ልጣጭ የተሠራውን ማጠቢያ እያሳዩኝ። «ተክሉን ማንም ይተክለዋል። ማጠቡን ግን ከሰው ነው የምትማረው።»

ጎንበስ ብዬ ባዶውን ጋን ሳሸት እማዬ ትዝ አለችኝ። እሷ ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና ነበር ጠላ የምትጠምቀው። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ «ይሄን የት ልናደርገው ነው?» ብዬ ለጎረቤት ያሰጠኋት እኔ ነኝ። በምትኩ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁላት። አንድ ፋሲካ ጠመቀችበት። ምንም ሳትናገር ዝም ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲህ የበዓል ጠላ የምንገዛው ከሰፈር ነው።

ስመለስ ፎቶውን አሳየኋት። ትኩር ብላ አየችና «በምን ያጥኑታል?» አለች። አያጥኑም፣ ሰም ነው የሚቀቡት አልኳት። «ሰም!» ብላ ገረማት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ግራዋው፣ ስለ ወይራው፣ ጢሱ ጋኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚታፈን ማውራት ጀመረች። ልጄ ስልኳን አውጥታ ቀዳቻት። ለካ ከእኔ በስተቀር ይህንን ለመስማት የፈለገ ሰው ቤት ውስጥ ነበር።

ጎረቤታችን ጋኑን አበባ ተክለውበታል፤ መልሱልኝ አልላቸውም። እርስዎ ቤት ያለው ግን ገና ካልወጣ፣ ከማውጣትዎ በፊት እናትዎን አንዴ ያስወሯቸው።