በመንዝ ደጋ የገና ጨዋታና የቃሬዛ ሸክም

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብዙዎቹ አንባቢዎቻችን የታወቀ ስለሆነ በእርሱ ላይ አንዘገይም። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር በደረስን ጊዜ ግን ከመኪናችን ወርደን ጥቂት ቆምን። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ያበጁት የዋሻ መንገድ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ወሎ ያወርዳል፤ የእኛ ጉዞ ግን ወደ መንዝ ነበረና ወደ ዋሻው ሳንገባ ወደ ሰሜን ታጥፈን የመዘዞን መንገድ ያዝን። ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑም የገና ዋዜማ ነበረ። ነፋሱ በጋቢና በካፖርት የሚመለስ ዓይነት አልነበረም። ከእኛ ጋር የነበረው የከተማ ልጅ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የተነጠፈውን አመዳይ አይቶ ጨው የፈሰሰ መስሎት ስለ ጠየቀን፣ መንገዱን ሙሉ ስንሥቅበት ሄድን።

መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ አገር ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በሰሜንና በምዕራብ ደግሞ አዳባይና ወንጪት የሚባሉት ወንዞች ጥልቅ ገደል ቆፍረው ይከቡታል፤ በምሥራቅም የዓባይንና የአዋሽን ውሃ የሚለየው የተራራ ሰንሰለት አጥሮ ይዞታል። የሸዋ ነገሥታት ቤት አባት የሆኑት ነጋሢ ክርስቶስ የተነሡት ከዚሁ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ መሆኑን የታሪክ ወዳጆች ያውቁታል። አገሩ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ ጤፍ አይወድም፤ ገብስና ባቄላ ግን ይስማሙታል። ጠጉሩ የበዛው የመንዝ በግ ባናውን፣ ዝተቱንና በርኖሱን ያለብሳል። በየደጁ ሴቶች ጠጉሩን ሲያባዝቱና ሲፈትሉ፣ ወንዶችም ሲሠሩት አየን። ለቤታችን አንድ ባና ገዛን፤ ዋጋውን ግን ባለቤቶቻችን እንዳይሰሙት እዚህ አንጽፈውም።

የመጣንበት ምክንያት አንድ የመንዝ ተወላጅ ወዳጃችን «ገናን በከተማ ሜዳ ሳይሆን በአገሩ እዩት» ብሎ ስለ ጋበዘን ነው። የጌታችን የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28 ቀን) ውሎ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾሙን ከፈታ በኋላ፣ ከቀትር በላይ ጨዋታው ይዠመራል። መሣሪያው ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠቅልሎ የተሠራ ጥንግ ነው። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳውም መስመር የለውም። ጥንጓን ወደ ተቃራኒው ወገን አገር እየመታ ያሻገረ ይረታል። አባቶች እንደሚናገሩት፣ የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው የተጫወቱት ጨዋታ ነው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ የተሸነፈው ወገን በግጥም ቢሰደብ፣ መኰንንም ቢሆን፣ አይቆጣም።

ጨዋታው የተደረገው ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ ወደ ወንጪት ገደል አፋፍ በሚቀርብ አንድ መስክ ላይ ነበረ። የላይኛው መንደርና የታችኛው መንደር ተሰለፉ። ወዳጃችን በጆሯችን እንደ ነገረን፣ ሁለቱ መንደሮች ስለ አንድ የግጦሽ ወሰን ከሦስት ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረዋል፤ የሁለቱም ወገን የጨዋታ አለቆች በዚያው ክስ ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዱላው ከጥንግ ወደ ራስ እንዳይዞር ሠግተው ነበረ። ሦስት ሽማግሌዎች ከጠዋት ጀምረው መስኩን ሲዞሩ፣ ድንጋይ ሲያስለቅሙ፣ የአይጥ ጉድጓድ በአፈር ሲያስደፍኑ ዋሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም። አንዲት አሮጊት እናት በሁለት እንስራ ጠላና በአንድ ሰፌድ ንፍሮ አስይዘው መጥተው በመስኩ ዳር ተቀመጡ። «እሜቴ፣ ይህ ለየትኛው ወገን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው «ለጠማው ወገን ነዋ!» አሉን። ልጆች ደግሞ ጥንጓ ወደ ገደሉ ስትሄድ እንዲመልሱ በአፋፉ ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ ይህም ለእነርሱ ትልቅ ሹመት መሆኑ ከፊታቸው ይታይ ነበር።

የጨዋታውን ዝርዝር ለመጻፍ አንችልም፤ ምክንያቱም ከአቧራና ከጩኸት በቀር ብዙ አልታየንም። የታችኛው መንደር ልጆች ፈጣኖች፣ የላይኞቹ ደግሞ ጉልበታሞች መሆናቸውን አስተዋልን። አንድ ጊዜ ሁለቱ አለቆች ደረት ለደረት ተጋጥመው ዱላቸው ሲንቃቃ ሽማግሌዎቹ በመካከላቸው ገቡ። ጥንጓ ወደ ላይኛው መንደር አገር ተቃርባ፣ ሕዝቡም ግጥም መደርደር ዠምሮ ሳለ፣ ከገደሉ በኩል ረጅም ጥሪ ተሰማ። በአፋፉ ላይ የቆሙት ልጆች «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» እያሉ ሮጠው መጡ።

ከቆላው ሰዎች ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሆናትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ከሌሊት ጀምረው ዳገቱን ሲወጡ ውለዋል። በአገሩ ልማድ ቃሬዛ ወደ አንድ መንደር ወሰን በደረሰ ጊዜ የዚያ መንደር ሰዎች ወርደው ተቀብለው እስከሚቀጥለው ወሰን ያደርሱታል። እኛ ወደ አፋፉ ቀርበን ስናይ፣ የቆላ ሰዎች በድካም ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበረ፤ ባልዮው ግን ትከሻው ተልጦ ደም እየታየበት «አልለቅም» ብሎ ተሸክሞ ነበር። ሜዳ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዱላውን ጥሎ ወረደ። ጥንጓን ማን የት እንዳስቀራት በዚያች ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም።

ሸክሙን ከልባችን ሆነን ስለ ተመለከትነው ጥቂት እናብራራለን። ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም አጣናና በመካከላቸው የተጠላለፈ ጠፍር ነው፤ ሴቲቱ በላዩ ተኝታ በባና ተሸፍናለች። አራት ሰዎች ከሥር ይገባሉ፤ ሌሎች ስምንት ወይም ዐሥር ግራና ቀኝ ሆነው ባዶ እጃቸውን ይከተላሉ። ዳገት ሲሆን ከፊት ያሉት ዝቅ አድርገው በእጃቸው ይይዛሉ፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ወደ ትከሻቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ በዚህ ዓይነት የተኛችው ሰው ወደ ኋላ አትንሸራተትም። የደከመው ሰው «ያዝክልኝ?» ይላል፤ ከጎኑ የሚሄደው ትከሻውን ከአጣናው ሥር አግብቶ «ይዣለሁ!» ሲል ብቻ ያኛው ወጥቶ ይለቃል። ቃሬዛው ግን አይቆምም። በአንድ አጣና የሚገቡት ሰዎች ቁመታቸው የተካከለ መሆን አለበት፤ አለዚያ ክብደቱ በሙሉ በረጅሙ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው «አንተ ረጅሙ ከዚህ፤ አንተ ከዚያ» እያሉ በቁመት እንጂ በመንደር ሳይለዩ ሰደሯቸው። ሁለቱ ባለ ክሶች በአንድ አጣና ፊትና ኋላ ገቡ። የላይኛው አለቃ በጥቂት ስለሚያጥር ነጠላውን አጥፎ በትከሻው ላይ ደረበና ከባላጋራው ጋር ተካከለ። መኪናው ከሚቆምበት መንገድ ድረስ የአንድ ሰዓት ጉዞ ሲሄዱ «ያዝክልኝ?» እና «ይዣለሁ!» ከመባባል በቀር ሌላ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማንም።

እኛም አንድ ጊዜ ለመርዳት ገብተን ነበረ። መቶ እርምጃ ያህል ሄደን ትንፋሻችን ስለ ተቋረጠ አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተቀበለን። ይህንን የምንጽፈው እውነቱ ከሚደበቅ ብለን እንጂ ለክብራችን አይደለም።

በመንገዱ ዳር የመሐል ሜዳ የሐኪም ቤት መኪና ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሴቲቱን ከነባሏ ይዛ ከሄደች በኋላ ሰዎቹ በሣሩ ላይ ተዘርግተው ተቀመጡ፤ እነዚያ እናት ጠላቸውን አስይዘው እስከዚያ ድረስ ተከትለው መጥተው ኖሮ ለሁሉም ቀዱ። አሰላፊ የነበሩትን ሽማግሌ «አባቴ፣ ይህን ሥራ የሚያዝ ማነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «የቃሬዛ ማኅበር አለን፤ ሰምቶ የቀረ መቀጫ ይከፍላል» አሉን። «ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው ቢታመምሳ?» ብንላቸው ጥያቄያችን ነውር የሆነ ያህል ዝም ብለው ቆይተው «ልጆቼ፣ የታመመ ሰው ማኅበርተኛ ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?» ብለው መለሱልን።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያለን በውጭ አገር ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው የብረት ማንሣት ውድድር ነው። የዓለሙ ማኅበር የተመሠረተው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1972 ነው። ተወዳዳሪው መዠመሪያ ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ይነሣል፤ ቀጥሎ በጀርባው ተኝቶ ከደረቱ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየዓይነቱ ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ሦስት ዳኞችም ይፈርዱታል። የተመልካቹ ዓይን ሁሉ በባለ ጉልበቱ ላይ ነው። ነገር ግን በብረቱ ግራና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የሚቆሙ ሰዎች አሉ፤ ጉልበቱ የከዳው እንደ ሆነ ብረቱ ሳይጨፈልቀው ይይዙለታል፤ የብረቱንም ክብደት በየጊዜው የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሌሎች አሉ። በየአውራጃው በሚደረገው ውድድር እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚመጡ ናቸው፤ ስማቸው በጋዜጣ አይወጣም። እነዚያ በቃሬዛው ጎን ባዶ እጃቸውን የሚከተሉት ሰዎች ከእነዚህ ጋር አንድ ሥራ እንደሚሠሩ ታየን። ልዩነቱ የመንዝ ሰው ጉልበት ቢከዳው የሚወድቀው ብረት አለመሆኑ ነው።

በስተ ምዕራብ ያለው የመርሐ ቤቴ ሕዝብም የዚህ ዓይነት ሸክም አያልቅበትም፤ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ከመንዝ ገደል አያንሱም። እዚያ ስለ ደረሰው እርዳታ ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ እንጻፍ። በፊልም ላይ የአውስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ በመጫወት ስሙ የታወቀ ካርልሃይንዝ በም የሚባል ተዋናይ ነበረ። ይህ ሰው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1981 በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከተመልካቾቹ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድርቅ ለተጎዱት የአፍሪካ ሰዎች አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን እርሱ ረታ፤ ሆኖም ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን ድርጅት አቆመ። ድርጅቱ በ1992 በመርሐ ቤቴ ሥራ ዠመረ፤ በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታልም በእርሱ ገንዘብ የተሠራ ነው። በም በ2014 ዐረፈ። ሐኪም ቤት ሲቀርብ የቃሬዛው መንገድ ያጥራል፤ ከገደሉ ሥር እስከ አፋፉ ያለው ግን አሁንም የሰው ትከሻ ይፈልጋል።

በማግሥቱ ጠዋት ሴቲቱ ሌሊቱን ሴት ልጅ በደኅና መገላገሏን በስልክ ሰምተን በደስታ ወደ ጓሳ ወጣን። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ የሆነ፣ ጅብራና አስታ የበቀለበት፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ሰፊ የሣር መሬት ነው። በስሙ የሚጠራው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። መንዞች ይህን ሣር ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ወገን እያንዳንዱ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጥ ነበር፤ መሬቱን ለሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ባለ ድርሻው ሁሉ ተራ እየገባ ያለ ደመወዝ ይጠብቃል፤ ሣሩ ሲደርስ በታወጀው ቀን ሁሉም በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የባለ ርስትነቱን ሥርዓት በሻረ ጊዜ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ከልክ በላይ ታጨደ፣ ተጋጠም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን እንደ ገና አቋቋመው። በዚያች ጠዋት በጉም ውስጥ ተከታትለው የሄዱትን የጭላዳ መንጋዎች ለመቁጠር ሞክረን አልቻልንም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግሼን ለማየት አስበን ነበረ፤ ጊዜያችን ስላለቀ ለሌላ ጉዞ አቆየነው።

ስንመለስ በዚያው መንደር በኩል አለፍን። ልጆቹ ጥንጓን በባቄላ ገለባ ውስጥ አግኝተዋት ነበር። ሽማግሌዎቹም ጨዋታው ከቆመበት እንዲቀጥል በጥምቀት ማግሥት ቀጥረዋል። ጥንጓ ጥሪው ሲሰማ የነበረችበትን ቦታ ለማስታወስ ሁለቱ መንደሮች በየበኩላቸው ድንጋይ ተክለው አየን፤ የላይኛው መንደር ድንጋይና የታችኛው መንደር ድንጋይ በእርምጃ ብንለካው ሠላሳ አራት እርምጃ ይራራቅ ነበር። ሁለቱ አለቆች ከየድንጋያቸው አጠገብ ቆመው በታላቅ ድምፅ ይከራከሩ ነበር፤ ከእኛም ምስክርነት ሊጠይቁ ሲመጡ ባየን ጊዜ መኪናችንን አስነሥተን መንገዳችንን ቀጠልን።