ኢንተርኔታችንን የበላው ማን ነው?

እማዬ ዕቁብ የደረሳት ሰሞን ሐሳቧ የኤሌክትሪክ ምጣዷን መቀየር ነበር። የአሮጌው ሽቦ በአንድ በኩል ስለተበላሸ እንጀራው ግማሹ ዓይን ያወጣል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል እያስረከበች ያሳደገችን ሴት ናትና ምጣዱ ቀልድ አይደለም። ዋጋ ሁሉ ጠይቃ ነበር። ሐሳቧን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ቪዲዮ ላይ የግርጌ ጽሑፍ መጻፍ ነው። አሠሪዎቼ ፋይሉን ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ አወርዳለሁ። አንዱ ቪዲዮ 2 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ለማውረድ ደግሞ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ሁለት ጊዜ ሥራ አሳልፌ አስረክቤ፣ በሦስተኛው "ካልቻልክ ንገረን" የሚል መልእክት መጣ። እማዬን ነዘነዝኳት። የቤታችንን መስመር ከ4 ሜጋቢት ወደ 10 አሳደገችልኝ፣ ልዩነቱንም ከዕቁቡ ብር ከፈለች። ምጣዱ ቀረ።

ያው ሆነ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

ስፒድ ቴስት ስሠራ 10 ይላል፣ ቅንጣት አይጎድልም። ቴክኒሻን መጣ፣ እሱም ለካና "መስመሩ ሰላም ነው" ብሎኝ ሄደ። ዋሸኝ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ዓይኔ ታናሽ ወንድሜ አቡሽ ላይ አረፈ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ ማታ ማታ የድሮ ፈተናዎችና የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ያወርዳል። "አንተ ነህ የምትበላው" አልኩት። "ማታ እኮ ነው የምከፍተው፤ አንተ ደግሞ ቀንም ቀርፋፋ ነው ትላለህ" ብሎ ሞገተኝ። አልሰማሁትም። የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀየርኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ደብተሩን በፌስታል ይዞ ጓደኛው ቤት እየሄደ ሲያጠና፣ እኔ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃዬን እቆጥር ነበር። እሱ በሌለበትም ቁጥሩ ንቅንቅ አለማለቱን እያየሁ እንዳላየ አለፍኩት። ሰው አንዴ ጥፋተኛ ካገኘ ማስረጃ አይፈልግም መሰለኝ።

አንድ ምሽት ሥራ ሊያልፍብኝ ሲል ላፕቶፑ ላይ ስጮህ አቡሽ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። "በእኔ ስልክ አውርደው በቃ" አለና ስልኩን ዘረጋልኝ። የደበቅኩበትን ፓስወርድ በራሴ ጣት ስልኩ ላይ ጻፍኩ። ያው ዋይፋይ፣ ያው ሰርቨር፣ ያው ፋይል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። መስመሩ ደህና፣ ቴክኒሻኑ እውነተኛ፣ ወንድሜ ንጹሕ። የቀረው የእኔ ላፕቶፕ ነው።

ያን ሌሊት ሴቲንጉን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ፕሮክሲ የለም፣ ቪፒኤን የለም። ዊንዶውስ ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያካፍልበት ምርጫ አለ፤ ዘጋሁት፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቼ "ኔትሽ ኢንተርፌስ ቲሲፒ ሾው ግሎባል" ብዬ ጻፍኩ። ከዝርዝሩ መሃል "ሪሲቭ ዊንዶው አውቶ ቱኒንግ ሌቭል" የሚል መስመር አለ። ሲመጣ "ኖርማል" ተብሎ ነው የሚመጣው። የእኔ "ዲሴብልድ" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ ላኪው ሁሉንም በአንዴ አይለቅበትም። ይህን ያህል ይልካል፣ "ደረሰኝ" እስኪባል ይጠብቃል፣ ደግሞ ይልካል። "ይህን ያህል" የሚባለውን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የቲሲፒ ደንብ ትልቁ መጠን 65,535 ባይት ነበር። በ1992 ማስፋፊያ ተጨመረበት፤ ከቪስታ ወዲህ ያለ ዊንዶውስም መጠኑን እንደ መስመሩ ራሱ ይለጥጠዋል። ያንን ሲዘጉት ወደ ድሮው ይመለሳል።

ከእኛ ቤት እስከ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ 200 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በሰከንድ አምስት ምልልስ ማለት ነው። አምስት ጊዜ 65,535 ባይት 328 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል፤ በሜጋቢት 2.6። የ4 መስመር ይኑረኝ የ10 ወይም የ100፣ ከ2.6 አልፍም። ስፒድ ቴስቱ ደግሞ የሚለካው እዚሁ ከተማ ካለ ሰርቨር ጋር ነው፤ ምልልሱ 10 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ትንሹም መጠን ይበቃዋል። ለዚያ ነው ሁሌ 10 የሚለኝ።

ማን ዘጋው? ይህን ሳስበው ነው ላብ ያጠመቀኝ። ከዓመት በፊት "የኢንተርኔት ፍጥነትዎን እጥፍ ያድርጉ" የሚል ቪዲዮ አይቼ ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ ገልብጬ ነበር። ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንዳንድ የድሮ ራውተሮች ማስፋፊያውን በትክክል አያስተናግዱም ነበር፤ እነሱ ላይ መዝጋቱ ይጠቅም ነበር። በሽታው ሲያልፍ መድኃኒቱ ቀረ፤ እኔም ሳልታመም ዋጥኩት።

"ኔትሽ ኢንተርፌስ ቲሲፒ ሴት ግሎባል"፣ ቀጥሎ "አውቶ ቱኒንግ ሌቭል" እኩል ይሆናል "ኖርማል"። አንድ መስመር ጽሑፍ። በሚቀጥለው ቀን ያው 2 ጊጋባይት በሃያ ሰባት ደቂቃ ወረደ።

ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ምጣዱ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ቲሲፒ ልተነትንላት ጀመርኩ። ሊጡን እያዞረች ትንሽ ሰማችኝና፣ "መሶቧ ትንሽ ነበረች በለኛ" አለች።

"እንዴት?"

"ለሆቴሉ በአንድ ትንሽ መሶብ ብልክ፣ ባዶው ካልተመለሰልኝ ሌላ አልልክም። ሆቴሉ ቅርብ ከሆነ ችግር የለውም። ሩቅ ከሆነ ግን መንገዱን አስፋልት ቢያደርጉልኝ ምን ይረባኛል?"

እኔ ሌሊቱን ሙሉ የለፋሁበትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ ምጣዱን አከንባሎ ከደነችና፣ "መሶቧን ያሳነስካት አንተው ነህ?" አለች። "አዎ" አልኩ። ሌላ አልተናገረችም። ቢቆጣ የሚሻል ዝምታ አለ።

አቡሽን ይቅርታ የጠየቅኩት ማታ ነው። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፌ ራውተሩ ላይ ለጠፍኩት። "ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት?" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም። ወረቀቱን አላየውም። ደብተሩን በፌስታል ይዞ ወጣ። ጓደኛው ቤት ለምዶ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሳሎን ተቀምጦ ሲያጠና ሳገኘው እንዳላየሁት ሆኜ አለፍኩ፤ ደስታዬን እንዳያይብኝ።

እኔም አሁን ዕቁብ ገብቻለሁ። እስኪደርሰኝ ድረስ እንጀራችን ግማሹ ጥሬ ነው። በየቀኑ ያንን ጎን ለእኔ ቁረሱልኝ እላለሁ።