የፍርድ ቀን አበል

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ውሃው ሲቆም ያየ የለም፤ መንገደኛው ግን ይቆም ነበር። በዱሮው ዘመን ሁለት የተካሰሱ ሰዎች ነጠላቸውን ቋጥረው መንገድ ዳር የቆሙ እንደሆነ፣ በዚያ የሚያልፍ ደህና ሰው «ዳኘን» ከተባለ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይገባውም ነበር። ገበያ እየሄደ ይሆናል፤ ለቅሶ ሊደርስ ይሆናል፤ በሬው ተጠምዶ እየጠበቀው ይሆናል። ምንም ይሁን ምን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሙግቱን ይሰማል። ቢችል ይጨርሰዋል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሹም ወዳለበት ይመራቸዋል። የመንገድ ዳኛ ማለት ይህ ነው፤ ማንም ያልሾመው፣ እግሩ ብቻ ያመጣው ዳኛ።

ከፍ ባለው ችሎትም ቢሆን ነገሩ ለዳኛው ብቻ የተተወ አልነበረም። በሸንጎው የተገኘው ሰው በየተራው እየተነሣ ፍርዱን ይሰጥ ነበር፤ ያውም ከታች ተጀምሮ። በማዕረግ ያነሰው ቀድሞ ይናገራል፤ ታላላቆቹ ይከተላሉ፤ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ይደመድማል። ብልሃቱን ልብ ይሏል! ትልቁ ቀድሞ ቢናገር ትንሹ የትልቁን ቃል ከመድገም በቀር ምን ሊል ይችላል? ፈረንጆቹ ጁሪ የሚሉትን፣ ማለትም ተራው ዜጋ ተጠርቶ በሰው ጉዳይ ላይ ፍርድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ሰምተን ስንደነቅ፣ የእርሱ የሩቅ ዘመድ በእኛም ደጅ ኖሮ ማለፉን ብዙዎቻችን አናስታውስም።

ይህ ጸሐፊ ግን ዛሬ ሊያነሣ የፈለገው የሸንጎውን ውበት አይደለም፤ አንድ ተራ የሆነ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ያ መንገደኛ ሥራ የፈታበትን ቀን ማን ከፈለው?

መልሱ አጭር ነው፤ ማንም። እንዲያውም ያልተከፈለው ሰው አንዳንዴ ከፋይ ይሆን ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውን ሥርዓት ከአያቶቹ አፍ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ እርሻውን፣ ከብቱን፣ ቤቱን ጥሎ ይውላል፤ ሲብስም ያድራል። የቀረ ይቀጣል። ሌባው ሳይታወቅ የቀረ እንደሆነ ደግሞ የጠፋውን ንብረት አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ፍትሕ ማለት እንግዲህ የድሃውን ቀን በነጻ የምትበላ እንግዳ ነበረች ማለት ነው።

ይህን የእኛ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ለመውሰድ የሚቸኩል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ላይ ዊልያም ፔንና ዊልያም ሚድ የተባሉ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስበው በመስበካቸው ተከሰሱ። አሥራ ሁለቱ ጁሪዎች ዳኞቹ የፈለጉትን የጥፋተኝነት ፍርድ አንሰጥም ቢሉ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃና ያለ እሳት ተዘግቶባቸው ሁለት ሌሊት አደሩ። በዚህም ስላልተበገሩ መቀጮ ተጣለባቸው። አንከፍልም ካሉት አንዱ ኤድዋርድ ቡሼል ከእስር ቤት ሆኖ አቤት አለ፤ በመጨረሻም ጁሪ በሰጠው ፍርድ ምክንያት ሊቀጣ አይችልም የሚል ትልቅ ውሳኔ ተገኘ። የጁሪ መብት የተወለደው በአዳራሽ ውስጥ በተደረገ ንግግር ሳይሆን በተራቡ አሥራ ሁለት ሰዎች ሆድ ነው ማለት ይቻላል።

ከመቀጮ እስከ አበል ያለው መንገድም ረጅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም በቴሌቪዥን የተከታተለውን የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን ክስ ያዩት የካሊፎርኒያ ጁሪዎች 265 ቀን ከቤታቸው ተለይተው ሆቴል ውስጥ ሲከርሙ፣ የቀን አበላቸው 5 ዶላር ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ሙግት ለፈራጆቹ የከፈለው የአንድ ቁርስ ዋጋ ነው።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት አብሮ አደጌ ባለፈው ጊዜ ስልክ ደውላ ስታስቀኝ ነበር። ዜግነት ካገኘች በኋላ የመጀመሪያው የጁሪ ጥሪ ደርሷታል። «እዚህ አገር መንግሥት ሲጠራሽ ደነገጥሽ?» አልኳት። «ደንግጬ ነበር፤ በኋላ ሳነበው ግን የሚከፈለኝንም ጽፎልኛል» አለችኝ። የቨርጂኒያ ግዛት የጁሪን የቀን አበል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ከ30 ወደ 50 ዶላር አሳድጓል። ለእርሷ ይህ ከቀን ገቢዋ ግማሽ አይሞላም፤ አሠሪዋም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ አይደለም።

እኔን የገረመኝ የሕጉ ሌላው ክፍል ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አሠሪው በጁሪነት የተጠራን ሠራተኛ ማባረርም ሆነ መበደል አይችልም፤ የዓመት ፈቃድህን ወይም የሕመም ፈቃድህን ተጠቀምበት ብሎ ማስገደድም አይችልም፤ ይህን ቢያደርግ በወንጀል ይጠየቃል። አብሮ አደጌ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ናት። ሕጉ ይህንንም አስቦበታል፤ የመንገዱን ጊዜ ጨምሮ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ በፍርድ ቤት ጉዳይ ላይ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወይም በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚጀምር ፈረቃ እንዲገባ አይገደድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ጥበቃ ለጁሪ ብቻ አይደለም። ለምስክርነት የተጠራውም ሰው አለበት።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድን ለዳኛ የሰጡ ናቸው፤ ጁሪ የሚባል ነገር አላመጡልንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አላመጣም። የመንገድ ዳኛው ተሰናብቷል። ግን የዜጋው ቀን መጠራቱ አልቀረም። ዛሬ የሚጠራው በዳኝነት ሳይሆን በምስክርነት ነው። ሕገ መንግሥቱ የተከሰሰ ሰው ምስክሮቹ ቀርበው እንዲሰሙለት የመጠየቅ መብት ሲሰጠው፣ ከዚያ መብት ጀርባ ሥራውን ጥሎ የሚመጣ አንድ ሌላ ሰው መኖሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

እኔ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን ሲታወቅ የኖረው በፋብሪካዎቹ፣ በጉምሩኩ፣ በመነኸሪያው፣ ስሙ ባይነሣ ደስ በሚለን በማረሚያ ቤቱም ነው። ከደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ከሚኖረው ሰው ብዙው የጉልበቱ አዳሪ ነው። ገና ሳይነጋ ጭነት ወደሚራገፍበትና ሕንጻ ወደሚሠራበት ይወጣል፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀጠራል፤ የዘገየ ተመልሶ ይተኛል። ለዚህ ሰው ቀን ማለት ደመወዝ ማለት ነው። የወር ደመወዝተኛው «አንድ ቀን ቀረሁ» ሲል፣ የቀን ሠራተኛው «አንድ ቀን ጾምኩ» ይላል።

ጎረቤቴ ከእነዚህ አንዷ ናት። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው ተጠግቷል፤ አሸዋና ድንጋይ ትሸከማለች። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አንድ ተማሪ ልጅ ተደብድቦ ስልኩ ሲቀማ አየች። ሌላው ዝም ሲል እርሷ ያየችውን ለፖሊስ ተናገረች። ከወራት በኋላ መጥሪያ መጣላት። በመጀመሪያው ቀጠሮ ተከሳሹ አልቀረበም። በሁለተኛው ዳኛው አልነበሩም። በሦስተኛው እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደርሰን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። ቃሏን ሰጥታ የወጣችው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው።

ሒሳቡን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሠራነው። የቀን ሙያዋ 300 ብር፣ በሦስት ቀን 900 ብር። የታክሲው ሲጨመር ከሺህ ያልፋል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ደግሞ ካቦው በቦታዋ ሌላ ሴት አስገብቶ ጠበቃት። «ልጄ፣ ሌባው እርሱ፤ የምቀጣው እኔ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም እየፈለግሁ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የዜግነት መብቱን ሲጠቀም ወይም ግዴታውን ሲወጣ፣ ለዚያ ለዋለበት ጊዜ ደመወዝ የማይቆረጥበት ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግም ፍርድ ቤት ለጠራው ሠራተኛ ልዩ ፈቃድ ከነደመወዙ ሲሰጥ ኖሯል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ምስክር ይጠራልኝ የሚለው ወገን ለምስክሩ መጓጓዣና የቀን ወጪ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ ፍርድ ቤት እንዲያስቀምጥ ያዛል። እነዚህ በጎ ሕጎች ናቸው። ግን ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጎ ያነበበ ሰው ቀዳዳውን ያያል። ፈቃድ የሚሰጠው ፈቃድ ሰጪ አለቃ ላለው ነው። ዛሬ ተቀጥሮ ነገ የሚሰናበተው፣ ውል የሌለው፣ ጉልት የሚቸረችረው፣ ሊስትሮው፣ ተሸካሚው ፈቃድ ከማን ይጠይቅ? የፍትሐ ብሔሩ ወጪም ተከራካሪ ላለው ጉዳይ ነው፤ እንደ ጎረቤቴ ባለው የወንጀል ክስ ግን ለሦስቱ ቀን ማን እንደሚከፍላት የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቀኑ ብዙ የሚያወጣለት ሰው ሳይከስር ይመሰክራል፤ ቀኑ ጥቂት የሚያወጣለት ሰው ግን ከኪሱ ከፍሎ ይመሰክራል።

«ለምስክር ገንዘብ ከተከፈለማ እውነት ትሸጣለች» የሚሉ አሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። በሐሰት ምስክር ስንት ቤት እንደፈረሰ እናውቃለን። ግን በየፍርድ ቤቱ ደጅ ያሉትን ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት የተመለከተ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ምስክሩን ይዞ የመጣው ተከራካሪ ነው፤ የታክሲ የከፈለው እርሱ ነው፤ ምሳ የጋበዘውም እርሱ ነው፤ «የዋልክበትን እኔ አለሁ» ያለውም እርሱ ነው። ሕግ ያልከፈለውን ቀን ጥቅም ያለው ወገን ይከፍለዋል። እንጀራውን የቆረሰልህን ሰው ፊት ለፊት እያየህ በእርሱ ላይ መመስከር ምን ያህል እንደሚከብድ ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። እውነት እንዳትሸጥ የሚፈልግ መንግሥት የምስክሩን ምሳ ለባለጉዳዩ መተው የለበትም። ለቃሉ አይከፈለው፤ ለቀኑ ግን ይከፈለው። አበሉም «አላየሁም» ላለውና «አይቻለሁ» ላለው እኩል ይሁን።

«አገሩ ድሃ ነው፤ ከየት ይምጣ?» ለሚሉም መልስ አለ። ምስክር ተሰብስቦ ሳይሰማ የሚመለስበት ቀጠሮ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ የሚከስረው ግን ድሃው ስለሆነ በማንም በጀት ላይ አይታይም። ፍርድ ቤቱ ለተመለሰ ምስክር ሁሉ ከራሱ ካዝና የሚከፍል ቢሆን ኖሮ፣ ተከሳሹ አለመቅረቡን ወይም ዳኛው አለመኖራቸውን ከዋዜማው በስልክ ለማሳወቅ እንዴት ይተጋ ነበር! ለስምንት ሰዓት የሚሰማ ምስክር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አይጠራም ነበር። ገንዘብ የሰውን ቀን ማክበርን ያስተምራል፤ ነጻ ነገር አይከበርም።

ለአደገኛ ጉዳይማ ታስቦበታል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ለሚመሰክር ሰው ሕይወቱን የሚጠብቅበት መንገድ አበጅቷል። ግን በሰፈራችን አብዛኛው ሰው የሚመሰክረው በስልክ ቅሚያ፣ በድብድብ፣ በመጋዘን ሌብነት ነው። ነፍሱ ላይ የሚመጣ የለም፤ እንጀራው ላይ ግን አለ። ጎረቤቴ አሁን ምን እንደምትል ልንገራችሁ? ልጆቿን «ብታዩም አላየንም በሉ» ትላቸዋለች። እንዲህ የምትል እናት በየግቢው አንዳንድ ካለች፣ ፖሊሱ ቢበዛ፣ ዳኛው ቢማር፣ ሕንጻው ቢያምር ምን ይረባል?

ጁሪ ይምጣልን እያልኩ አይደለም፤ እርሱ የሌላ ቀን ክርክር ነው። የጎረቤቴን መጥሪያ ወረቀት ግን ተቀብዬ አንብቤዋለሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የመዝገቡ ቁጥር አለበት። ባትቀርቢ ምን እንደሚደርስብሽም በግልጽ ተጽፏል። ብትቀርቢስ የሚለው መስመር ግን የለበትም። ያን አንድ መስመር ለመጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም፤ የቀኑ አበል ስንት እንደሆነ፣ ከማን እንደሚጠየቅ፣ አሠሪም ሆነ ካቦ በዚህ ምክንያት ከሥራ ሊያስወጣሽ እንደማይችል የሚናገር መስመር። በሕግ አምላክ ተብሎ ለቆመ ሰው ሕጉም በተራው ሊቆምለት ይገባል።