ከሳነቴ ብርድ እስከ ሐረና ጥላ

ባሌ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ድሬ ሼኽ ሑሴን ነው፤ ቀጥሎም የሶፍ ዑመር ዋሻ። የወይብ ወንዝ ያንን የኖራ ድንጋይ ሰርስሮ ሲያልፍ ተመልክተን «ሱብሐነላህ!» ብለን የተመለስን ጥቂት አይደለንም። ወንዙ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደ ደረሰ ለማየት የሄድን ግን ብዙ አይደለንም። በዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን ውድ አንባቢዎቻችንን ይዞ የሚጓዘው ወደ መነሻው፣ ወደ ባሌ ተራሮችና ከሥራቸው ወደተዘረጋው የሐረና ደን ነው። የአገሩን ውበት ብቻ ለማውራት ግን አይደለም። ደኑ በአየርና በአፈር መካከል የሚያካሂደውን ጸጥ ያለ ሥራ፣ ያ ሥራ ሲታወክም በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ምን እንደሚደርስ ማየት ፈልገን ነው።

ዶዶላ ላይ የሰማነው ቃል

ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ሻሸመኔና ኮፈሌን አልፈን ዶዶላ ስንደርስ ለምሳ አረፍ አልን። እዚያም ሰዎች ስለ ደን ሲጫወቱ «ዋጂብ» የሚለውን ቃል ሰማን። ቃሉ ለእኛ ግዴታ ማለት ነውና ጆሯችን ቆመ። ለካ በኦሮምኛ «የደን ነዋሪዎች ማኅበር» የሚለው ስም በአጭሩ ሲጠራ ነው! ከ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) ጀምሮ በአዳባና በዶዶላ ደኖች በተሞከረው በዚህ አሠራር፣ ደኑ በየ360 ሄክታር ገደማ እየተከፈለ ቢበዛ ለ30 አባወራዎች በውል ይሰጥ ነበር። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ይደርሰዋል ማለት ነው። አባላቱ ከደኑ ይጠቀሙ፣ ለመንግሥት ኪራይ ይከፍሉ፣ አዲስ እርሻና አዲስ ሰፋሪ እንዳይገባበትም ይጠብቁ ነበር። የስሙ መገጣጠም በአጋጣሚ ቢሆንም፣ መብትና ግዴታን አንድ ላይ ያሰረ ሐሳብ በመሆኑ ቃሉን በልባችን ይዘን መንገዳችንን ቀጠልን።

በጥቁሩ አፈር ላይ

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ሪያድ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጎባ አድረን በማለዳ ወደ ሳነቴ ወጣን። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው። ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራው እንደ ዘበኛ ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ ከመኪናችን ፊት አለፈ። ወርደን አፈሩን በእጃችን ብንዘግነው ጥቁር፣ እርጥብና እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ሆኖ አገኘነው። ይህ ጥቁረት ሀብት ነው። በብርድ ምክንያት ቶሎ ያልበሰበሰ፣ ለዘመናት የተጠራቀመ የሣርና የቅጠል ቅሪት ነው።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ መንገዱ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ቀጥሎ ሽበት ያንጠለጠለው የኮሶ ዛፍ፣ ከዚያም ቀርከሃ ይቀበላሉ። ዙህርን ሪራ መንደር ሰግደን ቁልቁለቱን ስንቀጥል ጃኬታችንን አወለቅን። ዝግባውና ሌላውም ትልልቅ ዛፍ እየበዛ ሄዶ፣ ወደ ታች ሲጠጋ ከጥላው ሥር ማንም ያልዘራው ቡና ታየን። በከፍታ 100 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ እስከ ሐረና ቡና ድረስ 2,700 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ቀን ጉዞ 16 ዲግሪ ገደማ የሙቀት ልዩነት አቋርጠን ወረድን ማለት ነው።

ካርቦንና ናይትሮጅን

ሐረና ውስጥ ከወደቀ ግንድ አጠገብ ቆመን ነበር። ላዩ በእንጉዳይ የተሸፈነ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ግንድ ነው። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ይህን ካርቦን በቅጠሉ ከአየር፣ ማለትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ወስዶታል። ሲወድቅ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይበሉታል። ከፊሉን ተንፍሰው ወደ አየር ይመልሱታል፤ ከፊሉ ጥቁር አፈር ሆኖ ይቀራል። የካርቦን ዑደት የሚባለው ይህ መውጣትና መግባት ነው።

ናይትሮጅን ከካርቦን ጋር ሲነጻጸር በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ያለ እሱ ግን ቅጠል አረንጓዴ አይሆንም፣ እህልም ፕሮቲን አይኖረውም። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሆኖም ዛፍ እንዳለ ሊወስደው አይችልም። መብረቅ ጥቂቱን ይለውጠዋል። አብዛኛውን ግን እንደ ሰሳና ግራር ባሉ ዛፎች ሥር ላይ ቋጠሮ ሠርተው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ለተክል ወደሚስማማ መልክ ይቀይሩታል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ያ ናይትሮጅን ወደ አፈር ይለቀቃል፣ ሥሩም መልሶ ይወስደዋል። ባልተነካ ደን ውስጥ የሚባክነው በጣም ጥቂት ነው። ደኑ ማዳበሪያ ሳይገዛ ለዘመናት ለምልሞ የኖረበት ምስጢር ይኸው ነው።

ሚዛኑ ሲዛባ

ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። «ዛፍ የሚመገበው እሱን ከሆነ ደኑ ይበልጥ አይለመልምም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ጥያቄው ትክክል ነው። በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ኦክ ሪጅ በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለማየት በአንድ ደን ላይ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዓመታት ሲነፉ ኖረዋል። በመጀመሪያ የደኑ ምርት በ24 በመቶ ጨምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ጭማሪው ወደ 9 በመቶ ወረደ። ዋናው ምክንያት በአፈሩ ውስጥ ለዛፎቹ የሚደርሰው ናይትሮጅን ማነሱ ነበር። ሽሮው ቢበዛም ጨው ካነሰ ወጡ አይጣፍጥም።

ሙቀትስ? በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ደን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አፈር ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቀብሮ፣ መሬቱ ከአካባቢው 5 ዲግሪ ያህል እንዲሞቅ ተደረገ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ከካርቦኑ 17 በመቶውን አጥቷል። ብስባሹ ሲፈጥን የተለቀቀውን ናይትሮጅን ግን ዛፎቹ ወስደው ይበልጥ አድገውበታል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሙቀት የአፈሩን ጎተራ ሲከፍት ከሚወጣው የተወሰነውን መልሶ የሚሰበስበው የቆመ ዛፍ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ግን ናይትሮጅኑን ዝናብ አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርደዋል፤ ከፊሉም ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ነው።

ባሌ ማሳቹሴትስ አይደለም፤ አፈሩም ዛፉም ይለያል። ነገር ግን በሳነቴ ያየነውን ጥቁር አፈር ያኖረው ብርዱ ነው። ብርዱ እየለዘበ ከሄደ የላይኛው አፈር የታችኛውን ጠባይ መያዝ ይጀምራል።

ድርቅም የራሱ መንገድ አለው። በጎረቤታችን ኬንያ፣ ሙጉጋ በሚባል ቦታ ይሠራ የነበረው ኤች. ኤፍ. በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ የደረቀ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ነቅተው ብዙ ካርቦንና ናይትሮጅን እንደሚለቁ አሳይቷል። ድርቁ በረዘመና ዝናቡ በድንገት በወረደ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ይራቆታል። እሳት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት (እ.ኤ.አ. 2000) በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የተነሳውን ቃጠሎ የምታስታውሱ አላችሁ። ሠራዊቱ፣ ተማሪውና የአካባቢው ሕዝብ ዘምቶ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመንም ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ያን ጊዜ በጢስ የወጣው የዛፉ ካርቦን ብቻ አልነበረም፤ የቅጠሉም ናይትሮጅን አብሮ ሄዷል።

አባትና ልጅ

ወደ ደሎ መና ሳንደርስ በአንዲት መንደር አሱር ሰግደን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ቤታቸው አስገቡን። በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀረበልን፤ ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የወረደ ማርም ተጨመረ። ሐጂ ዘጠኝ ልጆች አሏቸው። ከቡናውና ከማሩ ሌላ ያላቸው ከደኑ ጠርዝ የተመነጠረ የበቆሎ ማሳ ነው።

«መጀመሪያ ስንመነጥረው፣ ልጆቼ፣ በቆሎው ሰው ይውጥ ነበር» አሉን ሾፌራችን እያስተረጎመ። «አሁን ከሥር ጀምሮ ቢጫ ይሆናል።»

ቢጫነቱ ከታች ካረጀው ቅጠል የሚጀምረው ናይትሮጅን ሲያንስ ነው፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። ደን ሲመነጠር ጥላው ይሄዳል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ማረሻ ይገለብጠዋል፣ ብስባሹም ይፈጥናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገኘው መልካም ምርት ደኑ በረጅም ዘመን ያጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ቅጠል ካልረገፈበት ደግሞ የሚተካው የለም።

ትልቁ ልጅ ሊያገባ ነው፤ መሬት ይፈልጋል። «አባቴ ከደኑ ወስዶ አሳደገኝ፤ እኔስ ልጆቼን በምን ላሳድግ?» ሲል አንገቱን ደፍቶ ጠየቀ። ሐጂ ወዲያው አልመለሱለትም። ጥቂት ቆይተው «የወሰድኩትን ማሳ ሂድና እየው። ሌላ ብትመነጥርም ያው ቢጫ በቆሎ ነው የሚጠብቅህ። ቡናው ግን የአባቴ አባት የለቀመው ነው» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እኛም ለዚህ ወጣት ቀላል መልስ አልነበረንም። ቡናውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ ለቀማ እንዲያመች ከሥሩ ያለው ቡቃያ ሁሉ ሲመነጠር፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሲያረጁ የሚተካቸው ይጠፋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህ ጉዳይ የባሌ ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም። ደኑ ባለቀበት ደጋ እናቶቻችን እንጨት አጥተው ኩበት ያነዳሉ። ኩበት ሲነድ ለማሳው ሊሆን የሚገባው ካርቦንና ናይትሮጅን በጢስ ይወጣል። ከዚያ ገበሬው የጎደለውን ናይትሮጅን በዩሪያ ከረጢት በውድ ይገዛል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሰሳውና ግራሩ ይኸንኑ ናይትሮጅን ያለ ዋጋ ያቀርቡ ነበር። ከባሌ የሚነሱት ወይብና ገናሌም ወሰን ተሻግረው በጁባ ወንዝ በኩል እስከ ሶማሊያ ሕዝብ ይደርሳሉ። ስለዚህ ሐረና ውስጥ ለአንድ ማሳ የሚወድቅ ዛፍ ብዙ ባለ መብት አለው።

በየአካባቢያችን ልናደርገው የምንችለው አለ። በግቢና በማሳ ዳር ያለውን የወደቀ ቅጠል አለማቃጠልና አበስብሶ ለአፈሩ መመለስ፣ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ መጠቀምና ኩበቱን ለማሳ ማስቀረት፣ በእርሻ ውስጥ ሰሳ፣ ግራርና የመሳሰሉትን መትከል ይቻላል። ችግኝ ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ከበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆን ከልጅነታችን ተምረናል። የቆመውን መጠበቅ ደግሞ ከመትከል አያንስም። ምክንያቱም አንድ ችግኝ ከሐረና ዝግባ እኩል እስኪሆን ድረስ የእኛም የልጆቻችንም ዕድሜ አይበቃም። የጥላ ቡና ከደን ማር ጋር ሐቀኛ ዋጋ ቢያገኝ፣ የዚያ ወጣት ጥያቄ ግማሽ መልስ ያገኛል። ከተማ የምንኖር ሸማቾችና ነጋዴዎች በዚህ ውስጥ ድርሻ አለን።

የዶዶላው ማኅበር ስም በአረብኛ ሲነበብ ግዴታ ማለቱን አንርሳ። ደኑ ሲሰጠን ከኖረው ውስጥ ቢያንስ ቅጠሉን ለአፈሩ እንመልስለት።