ካሜራ ከመግዛት በፊት፤ ከካርቱም ሁለት የተገኘ ልምድ

ባለፈው ሳምንት በክበባችን በረንዳ ላይ ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት፣ ባለቤቷ ለግዳጅ ከሄደ ወራት የተቈጠሩ አንዲት ጎረቤታችን ስልኳን ዘርግታ የአራት ካሜራዎችን ሥዕል አሳየችን። «ከእነዚህ የትኛው ይሻላል? ሌሊት ውሻ በጮኸ ቍጥር ተነሥቼ በመስኮት ማየት ሰለቸኝ፤ ልጆቹም አብረውኝ ይነቃሉ» አለች። በበረንዳው ላይ የነበረው ሁሉ እንደ ልማዱ በአንድ ጊዜ መለሰ። አንዱ የገዛውን፣ ሌላው የሰማውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንድሙ የሚሸጠውን አመሰገነ። እኛ ግን ዝም አልን። ዝም ያልነው ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ መልሰን፣ መልሳችን ግማሽ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። የቀረውን ግማሽ በዚህ ዓምድ ላይ ለማስፈር ለእኅታችን ቃል ገብተንላት ተለያየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስታችን በሱዳን ርእሰ ከተማ፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሠፈር ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ሠፈሩ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከዴም ሠፈር ጋር ይጎራበታል። አክስታችን የተከራዩት ቤት ሱዳኖች «ሖሽ» የሚሉት በግንብ የታጠረ ግቢ ነበረው። በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ሌሊት ከግቢው ውስጥ የጋዝ ሲሊንደራቸው ተወሰደ። በዚያ ዘመን ደግሞ በካርቱም ጎዳናዎች ላይ በሞተር ብስክሌት እየመጡ የሰው ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁ፣ ሕዝቡ «ተስዓ ጠዊላ» ማለትም «ረጅሙ ዘጠኝ» የሚላቸው ወሮበሎች ነበሩ። ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው። ወደ ቤታችን ደውለው፣ «ልጆቼ፣ ሱቁ ውስጥ ስድስት ዓይነት አለ፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ አንዱን ምረጡልኝ» አሉን።

እኛና የቤታችን እመቤት ሥራውን ተካፈልን። እኛ ስለ ዕቃው ብቃት እንድናጠና፣ እርሷ ደግሞ ስለ ዋጋው እንድትጠይቅ ተስማማን። (በቤታችን የበጀት ሥልጣን የማን እንደ ሆነ አንባቢ ከዚህ ይረዳል።) ጥናቱም ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በመጀመሪያ ያስገረመን የስሞቹ ብዛት ነው። አክስታችን የላኩልን የሣጥኖቹ ፎቶግራፍ ሂክቪዥን፣ ኢዝቪዝ፣ ዳሁዋ፣ ኢሙ፣ ታፖና ሻኦሚ የሚሉ ስሞች ነበሩበት። ጠጋ ብለን ስንመረምር ግን ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን፣ ኢሙም ከዳሁዋ ቤት የወጡ ሆነው አገኘናቸው። ሂክቪዥንና ዳሁዋ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 በአንዲት ከተማ፣ በቻይናዋ ሀንግዡ የተመሠረቱ ናቸው። ታፖ ደግሞ የኢንተርኔት ራውተር በመሥራት የሚታወቀው የቲፒ ሊንክ ልጅ ነው። ስለዚህ ስድስት ይመስሉ የነበሩት ወደ አራት ቤተሰብ ወረዱ። ታላላቆቹ ለመሥሪያ ቤትና ለመጋዘን፣ በገመድና በመቅረጫ ሣጥን የሚሠራ ዕቃ ያቀርባሉ፤ ታናናሾቹ ባለሙያ ሳይጠራ በስልክ የሚተከል የቤት ካሜራ ይሸጣሉ። ሻጩ ይህን አይነግርም፤ ሁለቱን ወንድማማቾች ግራና ቀኝ አቁሞ ያፎካክራቸዋል እንጂ።

አሜሪካውያኑን፣ ማለት አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 የገዛውን ሪንግን፣ የጉግልን ኔስትንና አርሎን ገና ከበር መለስናቸው። ጥራታቸውን ንቀን አይደለም። ለምሳሌ ሪንግ ወርኃዊ ክፍያ ካልተከፈለው የአሁኑን ብቻ ያሳያል እንጂ ያለፈውን መልሶ አያሳይም። ሱዳን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር የቆየች አገር በመሆኗ፣ ከዚያም በኋላ በውጭ አገር የባንክ ካርድ በየወሩ መክፈል ለአክስታችን የማይታሰብ ነበር። ከዚህም ሌላ በጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ያህል ተቋርጦ ነበር። ሥዕሉን ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ማከማቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ እንዲህ ባለው ጊዜ ዓይኑን የጨፈነ ዘበኛ ነው። በመሆኑም በውስጡ ሜሞሪ ካርድ የሚይዝ እንዲሆን ወሰንን። በዚህ ውሳኔያችን እስከ ዛሬ አልተጸጸትንም።

ከዚያ ወደ ቍጥሮቹ ገባን። ሁለት ሜጋፒክስል ማለት 1920 በ1080 ነጥብ፣ አራት ሜጋፒክስል ማለት ደግሞ 2560 በ1440 ነጥብ ነው። ለአንድ ግቢ በር ሁለቱም ይበቃል፤ ፊትን ለይቶ ለማወቅ ከነጥብ ብዛት ይልቅ ቅርበት ይጠቅማል። 2.8 ሚሊ ሜትር የሚለው ሌንስ ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሩቁን ግን ያሳንሳል፤ 4 ሚሊ ሜትሩ ጠበብ ብሎ ሩቁን ያቀርባል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰፊ ያየ ሁሉ ብዙ ያየ ይመስለዋል።

ለካርቱም ዋነኛው ጉዳይ አቧራና ሙቀት ነበር። «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል። በሣጥኑ ላይ አይፒ 66 ተብሎ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስድስት አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኃይለኛ የውኃ ግፊት እንደሚችል ያመለክታል። ለቤት ውስጥ የተሠሩት አብዛኛዎቹ ካሜራዎች የሚችሉት ሙቀት 40 ወይም 45 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በካርቱም በግንቦት ወር 40 ዲግሪ በጥላ ሥር ያለው ነው! ርካሹን የቤት ውስጥ ካሜራ ከደጅ ሰቅለው ከከረሙ በኋላ ፋብሪካውን የሚረግሙ ሰዎች ሣጥኑን አላነበቡም ማለት ነው።

የካርዱን መጠን በእርሳስ አሰላን። ሁለት ሜጋፒክስል ሥዕል በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት ቢወስድ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ካርድ ሳያቋርጥ ቢቀርጽ ሦስት ቀን ያህል ይይዝና የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይጽፋል። ኤች 265 የሚባለው አዲሱ አጨማመቅ ያለበት ካሜራ ከቀድሞው ኤች 264 ይልቅ ተመሳሳዩን ሥዕል በግማሽ ያህል ቦታ ያስቀምጣል። ይህን ሦስት ቀን የሚለውን ቍጥር አንባቢ ያስታውስልን።

ስለ ምስጢር ጥበቃም አልዘነጋንም፤ ሙያችን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው የኮምፒዩተር ተውሳክ ከ60 በላይ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራና መቅረጫ ማርኮ፣ በጥቅምት ወር የታወቁ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት አንቆ ይዟል። በሰው ቤት የተሰቀሉት ካሜራዎች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ዘማች ሆኑ። ሂክቪዥን እ.ኤ.አ. በ2021 በመስከረም ወር ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ በዕቃዎቹ ላይ መገኘቱን አስታውቆ ማረሚያ አወጣ። «ሥዕሉ ከቤትህ አይወጣም» እያለ ይሸጥ የነበረው ዩፊም እ.ኤ.አ. በ2022 ኅዳር ወር ትንንሽ ሥዕሎችን ወደ ራሱ ማከማቻ ይልክ እንደ ነበር ተደረሰበት። እንግዲህ ንጹሕ ስም ያለው ፍለጋ ብንወጣ ባዶ እጃችንን መመለሳችን ነበር። የተሻለው ጥያቄ ቀዳዳ ሲገኝበት ቶሎ የሚደፍንና ማረሚያውን ለአሮጌ ዕቃም የሚልክ ማን ነው የሚለው ሆኖ አገኘነው።

በመጨረሻ አንዱን መረጥን። ስሙን አንጠቅስም፤ የሆነው ሁሉ የእርሱ ጥፋት አልነበረምና። አክስታችን በየካቲት ወር አስተከሉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አራት ወራት የያዘው ወንጀለኛ አንዲት ድመትና ኳሱን ሊያወጣ ግንብ የዘለለ የጎረቤት ልጅ ብቻ ናቸው። አክስታችን በየሳምንቱ ሌንሱን በጨርቅ ይወለውላሉ፣ በሌሊት መብራቱ ስቦ ያመጣውን የሸረሪት ድር ይጠርጋሉ። እኛም ማታ ማታ ስልካችንን ከፍተን፣ ቡና ሲያፈሉ አይተን፣ ደኅና ናቸው ብለን እንተኛለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። ጧት ስልኩን ስንከፍት በግቢው ጥግ አንዲት ነጭ ዶሮ በእግሯ ታስራ አየን። ወዲያው ከካሜራው ማይክሮፎን ድምፅ መጣ። የቤታችን እመቤት «ምንድን ነው? በር ነው የሚመቱት?» አለች። እኛ ግን ድምፁን እናውቀዋለን፤ የከባድ መሣሪያ ነበር። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተከፍቷል። አክስታችን ወደ ግቢው ብቅ ብለው ሰማዩን ሲያዩ፣ ከዚያም እየሮጡ ሲገቡ ተመለከትን። ደወልን፤ አነሡ። «ከመስኮት ራቁ፤ ከመካከለኛው ክፍል አትውጡ» አልናቸው። ያ ቀንና ሌሊት እንዲሁ አለፈ። በማግሥቱ እሑድ፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ሥዕሉ ጠፋ።

ኢንተርኔቱ አልነበረም የጠፋው። መብራት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ነጥብና ስለ ሌንስ፣ ስለ አቧራና ስለ ይለፍ ቃል ስንከራከር፣ ካሜራው የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ አንድም ቀን አላነሣንም። በካርቱም መብራት መጥፋቱ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር፤ ሲመለስ ካሜራው ራሱ ይነሣል፤ ስለዚህ እንደ ጉድለት አልቈጠርነውም። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን መብራቱ አልተመለሰም። የአክስታችን ስልክም ባትሪው አልቆ ለአራት ቀናት ዝም አለ። እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው እዚህ ለመግለጥ አንችልም።

አክስታችን በሁለተኛው ሳምንት ከሌሎች ሐበሾች ጋር በአውቶቡስ በዋድ መዳኒና በገዳሪፍ በኩል አድርገው፣ ጋላባት ላይ ተሻግረው መተማ ገቡ። ይዘው የወጡት አንድ ሻንጣ ነበር። ስንቀበላቸው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር በመዳፋችን ላይ አኖሩ፤ የካሜራው ካርድ ነበረች። «ሌባ ካለ እዩት ብዬ ነው» አሉ።

ሌባ አልነበረም። ካርዷ የያዘችው ያቺኑ ሦስት ቀን ነው። ሐሙስ ልብስ ሲያጥቡ፤ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያወልቁ፤ ቅዳሜ ያን ድምፅ፤ እሑድ ጧት ፀሐይ የሞላበት ባዶ ግቢና ማንም ያላረዳት ነጭ ዶሮ። ቤቱ የተዘረፈው ካሜራው ከጠፋ በኋላ ነው። የሱዳን ጦር በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱንና መሀል ከተማውን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ አንድ ሱዳናዊ ጎረቤት ወደ ሠፈሩ ተመልሶ ፎቶግራፍ ላከልን። የግቢው በር የለም፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ለመዳቡ ሲባል ከግድግዳው ተመንጭቆ ወጥቷል፤ ካሜራው በነበረበት ቦታ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ይታያል።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ከነገርን በኋላ እሑድ ዕለት ወደ ቤቷ ሄድን። በጦር አካዳሚ ሳለን፣ በዓይንና በተኩስ ያልተሸፈነ መሰናክል መሰናክል እንዳልሆነ ተምረናል። ስለዚህ ከሣጥኖቹ በፊት ግቢውን ዞርነው። ውሻው የሚጮኸው በፊት በር በኩል ሳይሆን አጥሩ ዝቅ ባለበት በማድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ እርሷ ደግሞ ካሜራውን በፊት ለፊቱ በር ላይ ልትሰቅለው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ማን ይደርስላታል የሚለውን ጠየቅን፤ የጥበቃ ክፍሉን ስልክና የሁለት ጎረቤቶችን ቍጥር በስልኳ መዘገብን። ካሜራው ወደ ካምፑ በርና ተሽከርካሪ ወደሚያልፍበት መንገድ እንዳያይም ተስማማን። ይህን ማጋነን የሚመስለው ካለ፣ የዩክሬን የጸጥታ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 ሩስያ በኪየቭ ከመኖሪያ ሕንጻዎች ላይ ሁለት ካሜራዎችን ጠልፋ የአየር መከላከያን ለመሰለል እንደ ተጠቀመችባቸው ማስታወቁን እናስታውሰዋለን።

ስለ ኤሌክትሪኩም በዚህ ጊዜ አሰላን። ካሜራው 5፣ ራውተሩ 10 ዋት ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓቷ ትንሽ ባትሪ በወረቀት ላይ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ትይዛቸዋለች፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። እኅታችን ባለ አራት ሜጋፒክስሉን ትታ ሁለት ሜጋፒክስሉን ገዛች፤ በተረፈው ገንዘብ ባትሪዋን ጨመረች። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል እዚያው በፊታችን ለወጠች፤ አዲሱን እኛም እንዳናየው ጀርባዋን ሰጠችን፤ ደግ አደረገች።

አክስታችን ዛሬ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። በተከላው ቀን አብረውን መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከመሰላሉ ሥር ቆመው ነበር። «ትንሽ ወደ ግራ አዙሩት፤ የጎረቤት ልብስ ማስጫ እያየ ነው» አሉ። አዞርነው። ስልኩን ተቀብለው ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ድምፅም ያሰማል?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን፣ ያሰማል» አልናቸው።

«እንግዲያውስ ለእኔ ስታሳዩኝ ድምፁን ዝጉልኝ» አሉ።