ስለ ደፈረሰው ውኃችን

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ወልድያ ላይ ከምንኖርበት የተማሪዎች መኝታ ቤት ጀርባ አዲስ ሮቶ ተተከለና ከጕድጓድ የተሳበ ውኃ ተሞላበት። በመጀመሪያው ጧት ጀሪካናችንን ይዘን ተሰለፍን፤ የቀዳነውም ውኃ መስታወት የመሰለ ነበርና ሁላችንም ደስ አለን። ቀትር ሲሆን ግን ያው ውኃ በየጀሪካኑ ውስጥ ቀጭን ሻይ መስሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመኝታ ቤቱ ወሬ ሌላ አልነበረም። የሳይንስ ተማሪዎች ዝገት ነው አሉ፤ ሮቶው ላስቲክ ነው፥ ምኑ ይዝጋል ተባሉ። የሕግ ተማሪዎች አቤቱታ እንጻፍ አሉ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ፥ እንደ ልማዳችን፥ ስም አወጣንለትና ሮቶውን «ጠጅ ቤት» አልነው።

ከመካከላችን ትዕግሥት ያልፈጠረበት አንዱ ጓደኛችን ከሱቅ በረኪና ገዝቶ መጣና ባንድ ባልዲ ውኃ ላይ ጠብ አደረገበት። ይጠራል ብለን ከብበን ስንመለከት ጭራሽ እንደ ሸክላ አፈር ቀላ። የሳቀው ሳቀ፤ የተናደደው ደግሞ ባልዲውን ወስዶ ደጅ ደፋው።

እኛ አልሳቅንም። ይህን የምንለው ጨዋ ለመባል አይደለም፤ የውኃ መደፍረስና መጥራት ለኛ የቀልድ ነገር መሆኑ ያበቃው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ስለ ሆነ ነው።

ያን ወር ጦርነቱ በሀብሩ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርድ እኛ መርሳ ነበርን። መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲጠፋ ውኃ የሚገፋው ሞተር ቆመ፤ ሞተሩ ሲቆም ቧንቧው ደረቀ። የወልድያም ኑሮ ያው ነበር። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ስልክም ባንክም ሳይኖረን ካገር ተቈርጠን ከረምን። ዕድሜያችን አሥራ ሰባት ስለ ነበረ በቤታችን ውኃ መቅዳት የኛ ድርሻ ሆነ። የመርሳን ወንዝ በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የደጋውን አፈር ጠርጎ ስለሚወርድ ውኃ ከማለት ጭቃ ማለት ይቀላል።

እናታችን የቀዳነውን በእንስራ ታሳድርና ጧት ሳታናውጥ ከላይ ከላዩ እየቀዳች በታጠፈ ነጠላ ታጠልለው ነበር። እኛ በየሰዓቱ እየሄድን እንስራውን ስንነቀንቅ ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት ሴት «አብሽር ልጄ፥ ተወው አትነካካው፤ ራሱ ይረጋል» ይሉን ነበር። እርሳቸው ያሉት ለአሸዋውና ለሻካራው አፈር ትክክል ነበር። ደቃቁ ሸክላ ግን ቢያድርም አይወርድም። ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ ነው፤ የሸክላው ቅንጣቶች ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ተንሳፈው ይቀራሉ። ተቃራኒ ሙል ያለው ነገር ሲገባባቸው ግን ይያያዛሉ፥ ይከብዳሉ፥ ይዘቅጣሉ። የከተማ ውኃ የሚያጣሩ ሰዎች ለዚህ አሉም ይጨምራሉ። የሽፈራው ፍሬም ይኸንኑ ይሠራል።

ያን ጊዜ ካንድ ጓሮ የሽፈራው ፍሬ አገኘን። ልጣጩን አንሥተን ወቀጥነውና በጥቂት ውኃ በጥብጠን እንስራው ውስጥ ጨመርን፤ በመጀመሪያ ፈጠን፥ ከዚያ ቀስ እያልን አማሰልነው። ጥቂት ቈይቶ ጭቃው እንደ እርጎ እየተቋጠረ ወደ ታች ሲወርድ አየን። ውኃው ጠራ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ እንደዚያ ቀን የኰራንበት ቀን የለም። ብርጭቆ ሞልተን ለታናሽ እኅታችን ሰጠናት፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። «የቧንቧ ውኃ መጣ እንዴ?» ብላ ጠየቀችን።

በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት።

መድኃኒት የሚገኝበት ቦታ አልነበረም። እናታችን አፍልታ ባቀዘቀዘችው 1 ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣ ሌሊቱን በማንኪያ ስታጠጣት፥ እኛ ምድጃው ሥር ተቀምጠን ማገዶ እንማግድ ነበር። ማገዶው ከዚያ በፊትም ነበረ። ተወድዶ ነበርና እንቈጥብ፥ እንዲህ የጠራ ውኃ ምን ያስፈላል ያልን እኛው ነን፤ እናታችንም ልጄ ተምሯል ብላ አመነችን። በአምስተኛው ቀን ልጅቱ እንጀራ አምጡ አለች። ዛሬ ቁመቷ ትከሻችን ደርሷል፤ ስለዚያ ብርጭቆ ምንም አታስታውስም።

ጭቃው ሲወርድ ከጀርሙ ብዙውን ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉን ግን አይደለም። ማጥራቱ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ሥራ መንገድ ስለሚከፍት ነው። ድፍርስ ውኃ ላይ ክሎሪን ቢጨመር ጭቃው ይበላዋል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ጭቃው ብርሃኑን ይጋርደዋል። የጠራ ውኃ ግን ብርሃን በሚያሳልፍ የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ጀርሙ ይሞታል። ያን ጊዜ ይህን የነገረን ቢኖር ማገዶም ባላስፈለገን፤ መርሳ የጐደላት ፀሐይ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ «ጠጅ ቤታችን» እንመለስ። ነገሩ ከመርሳው የተገላቢጦሽ ነው። ከመሬት በታች አየር በማይደርስበት ቦታ ብረት በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ሳይታይ ይኖራል። ውኃው ወጥቶ አየር ሲነካው ብረቱ ዝገት ይሆንና ይታያል፤ በረኪናም የአየሩን ሥራ ባንድ አፍታ ስለሚሠራ ነው ባልዲው ያን ያህል የቀላው። ስለዚህ ጓደኛችን ውኃውን አላበላሸም፤ የነበረውን አወጣው እንጂ። እንዲህ ያለውን የጕድጓድ ውኃ የሚያጣሩ ሰዎች ሆን ብለው አየር ላይ እየረጩ ያቀሉታል፤ ከዚያ ያረጉትና በአሸዋ ያሳልፉታል። በውጭ አገር የባሕር ዓሣ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ጭንቀት አላቸው ይባላል፤ አዲስ የተሞላው ሣጥን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሸዋው ብናኝ ወይም ከሚራባው ባክቴሪያ የተነሣ ወተት ይመስላል። የሠለጠነው ሰው አሸዋውን አስቀድሞ አጥቦ ይጠብቃል፤ የቸኰለው በየቀኑ ውኃ ሲለውጥ ዓሣዎቹን ያሰቃያል።

እኛም ሦስት ጀሪካን ወስደን ውኃውን ካንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ከፍ አድርገን እያንቈረቈርን እስኪቀላ ገለበጥነው፤ ከዚያም አሳደርነው። የመኝታ ቤቱ ሰው አብደዋል ሳይለን አልቀረም። ጧት ዝገቱ ሥሩ ተኝቶ ነበር፤ ላዩን ቀድተን ታጥቦ በተዘጋጀ አሸዋ አሳለፍነው። ያ የበረኪናው ጓደኛችን ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተና «ጠጅ ቤቱ ተዘጋ!» ብሎ ሊጠጣ ሲል እጁን ያዝነው። ለምን እንደ ያዝነው ያን ጧት አልነገርነውም። ማንቆርቆሪያውን ጣድነውና (ምድጃ በመኝታ ቤት የተከለከለ መሆኑን አልረሳንም) እስኪንተከተክ ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን ቁጭ አልን።