ሼኪውና መሪጌታው ሲጠያየቁ

ሰበታ ባደግሁበት ሰፈር እድሩ አንድ ነበር። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ የሁሉም ነው፤ ብረት ድስቱ ግን የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ የተለየ ነበር። ለቅሶ ሲኖር በጉ ለየብቻ ይታረዳል፣ ወጡም ለየብቻ ይጣዳል፤ ለቀስተኛው የሚቀመጠው ግን ጎን ለጎን ነው። «ይሄ የማን ድስት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፣ የተጠየቀውም አይከፋውም። ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ሬሳው አያድርምና ክርስቲያኑ ሥራውን ጥሎ ዶማና አካፋ ይዞ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ የቡናው ወግ ነው። የሰፈራችን ሼኪና መሪጌታ እናቴ ቤት ቡና ላይ ሲገናኙ ሃይማኖትን ሸሽተው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ አያወሩም ነበር። መሪጌታው ይጀምራሉ፦ «ሼኪ፣ እመቤታችንን እንዲህ እያከበራችሁ ልጇን አምላክ አለማለታችሁ እንዴት ነው?» ሼኪው አይቆጡም። ቁርኣን ውስጥ በመርየም ስም የተጠራ ምዕራፍ እንዳለ፣ ከመካ ተሰደው የመጡት ሙስሊሞች እሱን በአክሱሙ ንጉሥ ፊት እንዳነበቡት፣ ንጉሡም አልቅሶ አሳልፌ አልሰጣችሁም እንዳላቸው ያወጋሉ። ከዚያ ተራቸው ነው፦ «እኔስ መሪጌታ፣ አንድም ሦስትም የምትሉት ነገር እንዴት ይታረቃል?» መሪጌታው ስኒያቸውን አስቀምጠው ምሥጢረ ሥላሴን ከሥር ይጀምራሉ። እኛ ልጆቹ ፈንዲሻችንን ይዘን ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ እንጠብቃለን። የሚያሸንፍ አልነበረም። በረካው ተጠጥቶ ሁለቱም መርቀው ይነሣሉ፤ በዚያ ቡና ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው አላውቅም፣ የተቀየመም አላየሁም።

የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ጴንጤ ሆኖ እናቱ ልጄ ሞተ ብላ በተቀመጠች ጊዜ፣ «ልጅሽ እኮ ጸሎት አልተወም፤ ከቤት አታስወጪው» ብለው የለመኗት ሼኪው ነበሩ።

ሱሉልታ አክስቴ ቤት ደግሞ ነገሩ በወተት ነበር። በሁዳዴ ክርስቲያኑ የማይቀምሰው ወተት ለሙስሊም ጎረቤት ይላካል፤ ረመዳን ሲገጥም ለማፍጠሪያ ይሆናል። ቡራዩም፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ፣ በገበያ ቀን ኦሮምኛውና አማርኛው በአንድ ሰው አፍ ላይ ሲቀያየር መስማት የተለመደ ነበር። ያኔ ሰው ሁሉ መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1966 ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች እኩልነት ለመጠየቅ አዲስ አበባ አደባባይ የወጡት በቂ ምክንያት ስለነበራቸው ነው፤ በዓሎቻቸው እንኳ በመንግሥት ገና አልታወቁም ነበር። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ሼኪው ይህን ሲያነሡ መሪጌታው «ልክ ነበራችሁ» ይሉ ነበር፤ ሼኪውን ያኮራቸው ይህ ቃል ይመስለኛል።

ከተሞቹ ሰፉ፣ አጥሩ ከፍ አለ፣ የእድሩም ሰው ተበተነ። በ2011 መስከረም ቡራዩ ላይ ሰዎች በማንነታቸው ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ያንን ገበያ እያሰብኩ አለቀስኩ። በ2015 ሦስቱም ከተሞች ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ገቡ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት በሸገር የመስጊዶች መፍረስ ያስቆጣቸው ምእመናን አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ተቃውሞ ሲያሰሙ የሰው ሕይወት ጠፋ። ስለ ሃይማኖት የሚወራው አሁን በብዛት በድምፅ ማጉያ ነው፤ ተናጋሪው መልስ አይጠብቅም፣ ሰሚውም ለመጠየቅ ዕድል የለውም።

በ2016 መጋቢት 2 ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ጀመሩ። ሰበታ ያሉ ዘመዶቼ ከጎረቤቶቻቸው ጋር «እንኳን አደረሳችሁ» ተባብለዋል፤ መልካም ነው፣ ደስ ብሎኛል። የእህቴን ልጅ ግን ጎረቤቱ ለምን ቀን ውኃ እንኳ እንደማይጠጣ ጠይቆት ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው «ነውር አይደል እንዴ?» አለኝ። ነውር እንዳልሆነ ነገርኩት፤ ሄዶ እንዲጠይቀውም፣ ሲጠየቅ ደግሞ ሳይቆጣ እንዲመልስ ለመንኩት።